በአንድ ድምፅ ለጸደቀው ዕቅድ፣ ከድምፁ ባለቤት

ለተከበሩ የከተማችን የወጣቶች ተሳትፎና የረጅም ጊዜ ዕቅድ መምሪያ ኃላፊ፣

በቅድሚያ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ምክትልዎና የምክትልዎ ምክትል እንደምን ከርማችኋል? ጤናችሁም ማይክሮፎናችሁም ደኅና ይሁን እያልኩ፣ እኔ ከትከሻ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነኝ፣ ልብስ ሰፊ፤ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ሱቅ፣ ጋሼ ከምላቸው አሠሪዬ ጋር የተማሪዎች ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እርስዎ ግን በሙያዬ አያውቁኝም፤ በመዝገብዎ የሰፈርኩት «የከተማው ወጣቶች» ተብዬ ነው።

መሥሪያ ቤትዎ አቤቱታ በተራ ቁጥር ካልቀረበለት እንደማይቀበል በመስኮት ቁጥር አራት ስለተነገረኝ፣ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ መጀመሪያው ስብሰባ። ባለፈው ዓመት «የነገዋን ከተማ የሚወስነው የዛሬው ወጣት ነው» የሚል ማስታወቂያ በሱቃችን በር ላይ ሲለጠፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ጋሼን አስፈቅጄ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አዳራሹ ደረስኩ። ሁለት መቶ ወንበር ተደርድሯል፤ ሰው የለም። ቀድሜ የመጣሁ መስሎኝ ከፊት አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሲሆን እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው «ውድ ወጣቶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ» ሲሉ፣ ማንን እንደሚሉ ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬም ማንም አልነበረም። ሰው ብቻውን ተቀምጦ «እናንተ» ሲባል መጀመሪያ ሳቁ ይመጣል፣ ቆይቶ ግን አንገቱን ይደፋል። ቢሆንም ስለ ሃያ አምስት ዓመቱ ዕቅድ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ገለጻ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ፤ በዚያ ዓመት ይህን ያህል ጊዜ ሰጥቶ ያናገረኝ ሌላ ሰው አልነበረም። «ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ» ብለው እኔ እጄን ሳወጣ፣ ዕድሉን ለማን እንደሚሰጡ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኝተው በመጨረሻ ለእኔ መስጠትዎንም እንደ ትልቅ ፍትሕ ቆጥሬዋለሁ።

2. ስለ ፎቶግራፉ። ፎቶ አንሺው ጨዋ ሰው ነው። «እህቴ፣ ወንበሩ ባዶ ሆነብኝ፤ ትንሽ ተባበሪኝ» ስላለኝ አንዴ ፊት፣ አንዴ መሐል፣ አንዴ ኋላ፣ ሹራቤን አውልቄም ለብሼም፣ ጸጉሬን አስሬም ፈትቼም ተነሣሁ። በሪፖርቱ ገጽ ሰባት ላይ «በርካታ ወጣቶች በንቃት ሲሳተፉ» ከሚለው ሥር ያሉት አምስቱም ወጣቶች እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ኩርምት ያለችው ሐሳቡ ከብዷት ሳይሆን በርዷት ነው፤ ለሚቀጥለው እትም ይታረምልኝ።

3. ስለ ጥያቄዬ። ዕቅድዎ የተማሪው ቁጥር በዐሥር ዓመት በእጥፍ እንደሚያድግ ይናገራል፤ ስለዚህም ሃያ አራት ክፍል ያለው አዲስ ትምህርት ቤት ይሠራል ይላል። እኔ የጠየቅኩት ቀላል ነገር ነበር። ሥራ የጀመርኩ ዓመት ለትምህርት መክፈቻ ሦስት መቶ ዐሥር ዩኒፎርም ሰፍተናል፤ ዘንድሮ ዘጠና አራት። ትምህርት ቤቱ ያው አንድ ነው፤ ልብስ ሰፊውም እኛው ብቻ ነን። ቤተሰቡ ልጁን ይዞ ወዴት እየሄደ እንደሆነ፣ ለምንስ እንደሚሄድ፣ ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት ቢጠየቅ ምን ይመስልዎታል አልኩ። እርስዎም «ግሩም ሐሳብ ነው፣ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» አሉኝ። እውነትም ወሰዱት፤ ወዴት እንደወሰዱት ግን እስከዛሬ የነገረኝ የለም።

4. ስለ ቅጾቹ። ከመስኮት ቁጥር አራት አርባ የወጣት አስተያየት መስጫ ቅጽ ወስጄ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስወጣ በሰፈሬ ያለውን በር ሁሉ አንኳኳሁ። በር የሚከፍቱልኝ እናቶች ነበሩ። «ልጄማ ከሄደች ሁለት ዓመቷ አይደል? ግን ግቢ፣ አረፍ በይ» ይሉኝና የልጆቻቸውን ክፍል ያሳዩኛል። አልጋው ተነጥፏል፣ ጫማው ከግድግዳው ሥር ተደርድሯል፣ የፈተና ፕሮግራሙ ገና ግድግዳው ላይ ነው። አብረውኝ የተማሩት ሁሉ መሄዳቸውን አንድ በአንድ አውቅ ነበር፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ቆጥሬያቸው ግን አላውቅም ነበር። እናቶቹ ስልክ ቁጥር ሰጡኝ፣ እኔም እየደወልኩ ሞላሁ።

ከደወልኩላቸው አንዱ የገዛ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሌላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። «እኔ እዚያ የለሁ፤ ምን አገባኝ?» ብሎ ዘጋብኝ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ራሱ ደወለ። «ቅጹ አለ? እንግዲያው ጻፊ። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ መብራት ይግባበት በይ። ሲመሽ በሩጫ ነበር የምመጣው፤ ለእናንተ እርቦኝ ነው እላለሁ እንጂ እፈራ ነበር።» ዐሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ቤት አድገን፣ ወንድሜ ጨለማ ይፈራ እንደነበር ያሳወቀኝ የእርስዎ ቅጽ ነው። ይህችን ምስጋና ከልቤ ነው የማቀርባት።

ሠላሳ ሰባቱ የተሞሉ ቅጾች በወሩ «አስተያየት ሰጪዎቹ የከተማው ነዋሪ ባለመሆናቸው ተቀባይነት የላቸውም» የሚል በቀይ ተጽፎባቸው ተመለሱልኝ። ሰዎች ለምን እንደሄዱ የጻፉትን፣ ስለሄዱ አናነብም ማለት ነው። አሠራሩ እንከን የለሽ ስለሆነ የምጨምርበት የለኝም።

5. ስለ ድምፁ። በማጽደቂያው ስብሰባ የነበርነው እርስዎ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ፣ ፎቶ አንሺውና እኔ ነን። ከዕቅዱ የመጀመሪያ ዓመት ተግባራት አንዱ የሕዝብ ንባብ ቤቱ ተዘግቶ የወጣቶች ተሳትፎ ማስተባበሪያ ቢሮ እንዲሆን ማድረግ ነበር። ንባብ ቤቱን ይጠብቁ የነበሩትን እትዬን ያውቋቸው እንደሆነ አላውቅም። ከሥራ ስወጣ እዚያ ነበር የምቀመጠው፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ብዙ ጊዜ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። እሳቸው ከባንኮኒው ሆነው ዳንቴል ይሠራሉ፣ እኔ አነባለሁ፤ አንዳችን ስናስል ሌላችን ቀና እንላለን። «አንቺ የቀረሽ ቀን እኔም ጡረታዬን እጠይቃለሁ» ይሉኝ ነበር።

እርስዎ «የምትደግፉ?» አሉ። እጅ አልወጣም። «የምትቃወሙ?» አሉ። እጄን አወጣሁ። «ድምፀ ተዓቅቦ?» አሉ፤ አሁንም የወጣ እጅ የለም። ቃለ ጉባኤ ያዡ «እንግዲህ አንድ ድምፅ ነው» እያለ ጻፈ። በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ የወጣው «የከተማው ወጣቶች ዕቅዱን በአንድ ድምፅ አጽድቀዋል» ይላል። ቁጥሩ ላይ አልተሳሳታችሁም።

የሚከተለው አቤቱታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። ባለፈው ሳምንት ለአዲሱ ቢሮ መጋረጃ እንድንሰፋ ትእዛዝ መጣልንና የመስኮቱን ልክ ልወስድ ሄድኩ። መደርደሪያዎቹ የሉም፤ ጠረጴዛዎቹ የነበሩበት ወለል ቀለሙ ደመቅ ብሎ ይታያል። እትዬ ጡረታ ወጥተው እህታቸው ዘንድ መሄዳቸውን የነገረኝ ዘበኛው ነው፤ ሊሰናበቱኝ ሱቅ ድረስ መጥተው ተዘግቶ አገኙት አለኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ዘበኛው ቆይቶ ተመልሶ መጣና «እህቴ፣ ሰው የለም ብዬ ልቆልፈው ነበር» አለኝ። ተነሥቼ መስኮቱን እንደ አዲስ ለካሁት፤ መጀመሪያ የለካሁት ምን እንደነበር ጠፍቶኛል።

ወንድሜ በየሳምንቱ «ነይ እንጂ፣ ዩኒፎርም ሰፊ የትም ይፈለጋል» ይለኛል። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም። የሄድኩ እንደሆነ የከተማው ወጣቶች በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው በሰላም መሸኘታቸውን በዓመታዊ ሪፖርትዎ እንዲያካትቱ ከወዲሁ በትሕትና አሳስባለሁ።

ለዕቅድዎ ሃያ አምስት ዓመት፣ ለእርስዎ ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ፣ ለአዳራሹ ደግሞ ሁለተኛ ሰው እየተመኘሁ፣ ከማይጓደል አክብሮትና ከጥቂት ድካም ጋር፣

ዩኒፎርም ሰፊዋ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለሚያነብ ሰው፣ ከተገኘ

ማሳሰቢያ፦ ለሁለተኛው ዙር ምክክር በየስሙ የላካችሁት የጥሪ ደብዳቤ ሰፈራችን ደርሷል። ከሄደች ሁለት ዓመት ለሆናት ለጎረቤቴ ልጅም በስሟ መጥቶላታል። እናቷ ማንበብ አይችሉም፤ ፖስታው ላይ የልጃቸው ስም እንዳለ ሲነገራቸው እሷ የጻፈችላቸው መስሏቸው፣ ሳይከፍቱት በሁለት እጃቸው ይዘው እየሮጡ ሱቃችን ገቡ፤ እንዳነብላቸው። ጥሪውን እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። «ሌላ ምን ትላለች?» አሉኝ። ስለዚህ ለወደፊቱ ከፖስታው ጀርባ «ከመንግሥት ነው» የሚል ማኅተም ቢመታበት፣ ሌላ ቢቀር እናቶች አይሮጡም።