አማካሪዋን ያሳቅኩበት ቀን

ጥቅምት 8
ዛሬም ክፍል አልገባሁም። የዶርሙን ልጆች ራሴን አመመኝ አልኳቸው። ውሸት... እግሬ ከአልጋ አልወርድ ብሎኝ ነው። የፊት ፎጣዬ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው፤ ተነስቼ ማንሳት አቃተኝ። ምን ነካኝ?

ልጆቹ ከትምህርት ሲመለሱ ግን ተነሳሁ። የሒሳብ አስተማሪያችንን አረማመድ እየሄድኩ አሳየኋቸው። በሳቅ ሞቱ። "አንቺ ሬዲዮ፣ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!" አለች የዶርም ጓደኛዬ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ጥቅምት 11
አላስቻለኝም። ልብስ ስናሰጣ ለዶርም ጓደኛዬ ነገርኳት። "ክሊኒክ ልሄድ ነው... የሥነ ልቦና አማካሪዋ ጋ።"

እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ተንከተከተች። "ወይ እዳዋ! አንቺን ስትመክር ልታብድ ነው!"

እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ጥቅምት 14
ሄድኩ። በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። የሚያውቀኝ ቢያየኝስ? ጥርሴን ነው እላለሁ...

አማካሪዋ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። "ምን ላግዝሽ የኔ ልጅ?" አሉኝ። አፌን ስከፍት ቀልድ ወጣ! ስለ ግቢው ዘበኛና ስለ ድመቱ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሰዓቴ አለቀ። "ደህና ይሁኑ" ብዬ ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውንም አሳቅኩ እኮ! አሁን ማን ቀረኝ?

ጥቅምት 15
አልመለስም።

ጥቅምት 21
ተመለስኩ። ለምን? እንጃ።

ገና ሳልቀመጥ ዘበኛውን ጀመርኩ። አልሳቁም። "ባለፈው አሳቅሽኝ፣ እውነት ነው። ከሄድሽ በኋላ ሳስበው ግን ስለ ራስሽ አንድም ነገር አልነገርሽኝም።" ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። "እኔን ማጫወት የለብሽም።"

"ጠዋት መነሳት አልችልም" አልኩ። የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ከዚያ ለቅሶ ብቻ። አላባበሉኝም፤ ጠበቁኝ።

"መሞት ያሰኝሻል?"

"አንዳንዴ... ምነው ባልነቃ ብዬ እተኛለሁ።"

አልደነገጡም። እዚያው ስልክ አንስተው ከአእምሮ ሐኪሙ ጋ ለነገ ቀጠሮ አስያዙልኝ። "በሽታ ነው፤ ይታከማል። ከቤተሰብ ማን ይወቅልሽ?"

"ማንም!"

ኅዳር 16
መድኃኒቱ አፍ ያደርቃል። እንቅልፌ ትንሽ ተሻለ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ገና ነኝ። ትናንት ክፍል ገብቼ ግማሹን ሰማሁ። ለዶርም ጓደኛዬ እንደገና ለመንገር ድፍረቱ የለኝም።

ዛሬ ታላቅ ወንድሜ ከሚሠራበት ጋራዥ ደወለ። "እስቲ አንድ ቀልድ ጣል አድርጊልኝ፣ ዛሬ ሥራው ገደለኝ።"

"የለኝም ጋሼ። ታምሜያለሁ... የድብርት ሕክምና ጀምሬያለሁ።"

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"አለህ?"

"አለሁ።" ድምፁ ተሰበረ። "ምንም አታውሪ። ብቻ ስልኩን አትዝጊው።"

ከበስተኋላው ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል። አንድ ሰው ጠራው፤ "ቆይ፣ ከእህቴ ጋ ነኝ" አለው።

አልዘጋሁትም።