ከጥብቁ ደን የወረደው ቤትህ

ይድረስ በእጅጉ ለምትናፍቀኝ ለታናሽ ወንድሜ ለይሻው፤

እንደምን ሰነበትህ? እንደምን ከረምህ? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተወህ ወይስ ሲሚንቶ ስትሸከም አሁንም ይነሣብሃል? እህልስ በሰዓቱ ትቀምሳለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። እማዬም ደኅና ናት፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

ይህን ወረቀት የጎረቤታችን የእቴነሽ ልጅ ወደዚያው ወደ ጁባ ስለሚመለስ በእጁ ሰድጄልሃለሁ። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትል። ባለፈው «እዚያ ላይ ቤት መሥራት ተከልክሏል» ብዬ ሳልጨርስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ። ታላቅህ መሆኔን አንዳንዴ ላስታውስህ እንጂ።

«ቤቴ የአባዬ አውድማ ላይ ካልቆመ አገሬ አልገባም» ያልከው ነገር ሲያብሰለስለኝ ከረመ። ይኸን ሁሉ ዓመት የሰው ቤት ስትገነባ ኖረህ የራስህን ጎጆ አጥተህ ልትቀር ነው? እማዬስ ዓይንህን ሳታይ? አውድማው ደግሞ ዛሬ ጥብቁ ደን ውስጥ ነው። አንተ ስትሄድ ከብት የጋጠው ራቁት ተረተር ነበር። ቀበሌው ከከለለው ወዲህ ከብት አይገባበትም፣ እንጨት አይቆረጥበትም፣ አዲስ ቤትማ ጨርሶ አይታሰብም። የጥበቃ ኮሚቴው ሰብሳቢ የክርስትና አባትህ አያ ሙላቴ ስለሆኑ ልለምናቸው ሄድኩ። «ለባዩ የከለከልኩትን ለይሻው ልፍቀድ?» አሉኝ። ባዩ የገዛ ልጃቸው ነው፤ ይኸው ከነሚስቱ ገሳይ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። እኔ ግን ተናድጄ ወጣሁ፤ እማዬ ዘንድ ሄጄም «ድርቅ ያሉ ሽማግሌ» እያልኩ ሳማቸው አመሸሁ።

ከዚያ የራሴን መላ መታሁ። ምሰሶው ከቆመ፣ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ማን ደፍሮ ያፈርሰዋል አልኩ። እህሉ ጎተራ ሲገባ፣ በላክኸው ገንዘብ ቆርቆሮውን ገሳይ ከየሱፍ ሱቅ አስጭኜ፣ አጣናውን አስቆርጬ፣ ጠላ ጠምቄ ደቦ ጠራሁ። ደቦ ሲጠራ ደግሞ ጎረቤት አይዘለልም፤ የተዘለለው ሰው ዕድሜ ልኩን ያኮርፍሃል። ስለዚህ ሞኟ እኅትህ ከቅዳሴ መልስ አያ ሙላቴን ራሳቸውን «ለይሻው ቤት ደቦ አለብኝና አይቅሩብኝ» ብዬ ጠራኋቸው። ሰርቄ ልሠራ፣ ጠባቂውን በአክብሮት ጠራሁልህ! ሳቅብኝ፤ እዚህም እስካሁን ስቀው አልጠገቡም።

እሳቸውም አልቀሩ። ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከሁሉም ቀድመው አውድማው ላይ ደረሱ። መሠረቱ ሊቆፈር ሲል የመሀሉ ምሰሶ የሚተከልበት ቦታ ላይ ቁጭ አሉ። «ደቦ ተጠርቶ መቅረት ነውር ነውና መጥቻለሁ። ጉልበቴ የይሻው ነው፤ ይህ ቦታ ግን የኔም የሱም አይደለም» አሉ። ከዚያ ከታች ያለውን ምንጭ በእጃቸው አሳዩን። ልጆች ሳለን ገና በጥር ይደርቅ የነበረው ምንጭ እኮ ነው፤ ዛሬ ግንቦት ድረስ ይፈሳል። «የይሻው ቤት እዚህ ከቆመ የባዩን በምን አፌ እከለክላለሁ? የሌላውንስ? ያኔ ውሃውን ከየት ልትቀዱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ከዚያው ምንጭ በየቀኑ የምቀዳው እኔው ነኝ። ዞር ብዬ ባይ ወይራው ቁመቴን አልፎ፣ ኮሶው ጥላ ሆኖ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ቆቅ ይጮኻል። ብታየው አገርህ አይመስልህም፣ ይሻው። የልጃቸውን ፊት እያዩ የጨከኑት ይህን ብለው ኖሯል! እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያች ሰዓት አያ ሙላቴን ያከበርኩትን ያህል ማንንም አክብሬ አላውቅም።

ይኼኔ እማዬ ብድግ አለች። ያን ዳገት በዚያ ጉልበቷ ከጠላው ጋር ወጥታ ነበር። «እንጨቱን አንሡና ወደ ግቢዬ አውርዱልኝ» አለች። በነባር ግቢ ውስጥ መሥራት አልተከለከለም፤ ግን ባዶ ቦታ የት አለ? የት እናቁመው ቢሏት «ጌሾዬ ላይ» አለች። ጌሾውን ታውቀዋለህ፤ ቅጠሉን ገሳይ ገበያ እየሸጠች ነው ደብተርና ልብስ የገዛችልን። እጇን ይዤ ለመንኳት። «ተይኝ! ጌሾ ሸጬ ያሳደግሁት እሱን አይደለም ወይ?» አለችና የመጀመሪያውን ግንድ በገዛ እጇ ጎተተች። አያ ሙላቴ ይህን ሲያዩ ዶማቸውን አነሡ። ሽማግሌው ያን ቀን እንደ ጎረምሳ ሲቆፍሩ ዋሉ፤ እንጨቱም ከዳገቱ በሆታ ወረደ።

ቤቱ ካሰብከው ያንሳል፤ የተረፈውን ቆርቆሮ የሱፍ እግዜር ይስጠው መልሶ ወስዶልናል። ከአውድማው ላይ የመኪናው መንገድ ይታይህ ነበር፤ ከዚህ የሚታይህ የእማዬ ደጅ ነው። ትቆጣ እንደሆነ ተቆጣ፤ ብቻ መጥተህ ተቆጣ። ግድግዳው ተመርጓል፣ ወለሉም ተደልድሏል። የቀረው በሩ ነው። ባዩ ሊሠራልን ሳንቃ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እማዬ «በሩን የሚገጥመው ባለቤቱ ነው» ብላ መለሰችው። ማታ ማታ ጥጃ እንዳይገባበት በእሾህ ትዘጋዋለች፤ ጠዋት ራሷ ትከፍተዋለች።

ባለቤቴ አስናቀ እንደምን አለህ ብሎሃል። ልጄ ትዝታ አጎቴ ስንት ክንድ ይረዝማል እያለች ትጠይቀኛለች፤ ጉንጭህን ስማሃለች። አያ ሙላቴ «ልጄን ፈጣሪ በሰላም ያግባልኝ፣ እንዳይቀየመኝ» ብለውሃል። ባዩም ሳንቃውን አስቀምጦልሃል።

እማዬን «ምን ብላሃለች ልበለው?» አልኳት። እሾኋን እየጎተተች ነበር። «ሰላምታ አልልክም፤ በሩን ሊገጥም ሲመጣ እስመዋለሁ» አለችኝ።

እኅትህ እመቤት
ደብረ ታቦር አካባቢ፣ ከገሳይ በላይ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.