ያጠብኩት ጥቀርሻ

ውድ ልጄ፣

መደወል ይቀል ነበር። ደውዬም ነበር፤ ስለ ጤናዬና ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ልጻፍልሽ። አንብበሽ ብትቆጪ መብትሽ ነው።

አውሮፕላንሽን አጠብኩት።

ለሥራ ስትሄጂ የቤትሽን ቁልፍ ሰጥተሽኝ፣ "አባዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሠራሁትን ሞዴል አውሮፕላን ለውድድሩ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ አድርስልኝ። ካርቶኑን ብቻ ያዝ፤ ሌላ ምንም አታድርግ" ብለሽኝ ነበር። አልረሳሁትም። ግን ዓርብ ከሰዓት ካርቶኑን ስከፍተው፣ ያን እናትሽ በመካኒክነቷ ትጠግነው የነበረውን የመሰለ ቢጫ አውሮፕላን ከጭስ ማውጫው ጀምሮ እስከ ሆዱ ድረስ ጠቁሮ አየሁት። ዕድሜዬን በሙሉ ላውንደሪ ቤት የሰው እድፍ ሳስለቅቅ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። እድፍ ሳይ እጄ አያርፍም። "ልጄ ቸኩላ ነው፤ ሰው ፊት እንዲህ ሆኖ አይቀርብም" አልኩ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ጥቁሩ ወዲያው ለቀቀ። ሲለቅ ደስ እያለኝ፣ እያፏጨሁ ነው ያጠብኩት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አስበሽበት የለቀለቅሽውን አጠራሁልሽ።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጬው ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ቆሽሿል። ታንኩ ጭቃ በጭቃ ነው፣ መርከቡ ዝጓል፣ አውሮፕላኖቹ በሙሉ ጭስ ጠጥተዋል። የእኛ ብቻ እንደ ሙሽራ ያበራል።

ዳኛዋ መጣች። በሥራዋ የጥርስ ሐኪም ናት አሉኝ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ጎንበስ ብላ ክንፉን ሥር ሥሩን አየችው።

"አባት፣ ልጅዎ በላከችልን ፎቶ ላይ ጥቀርሻ ነበረው" አለችኝ። "እውነቱን ልንገርዎትና፣ እሱን ለማየት ነበር የጓጓነው። የት ሄደ?"

ሰው ከቦን ቆሟል። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ "ራሷ ናት ያጠበችው። አላማራትም። ድሮም ችኩል ናት፤ የጀመረችውን አትጨርስም" አልኳት።

"ችኩል ሰው እንደዚያ ያለ ጥቀርሻ አይሠራም" አለችና አለፈች።

ማጠቡን ባለማወቅ ነው ብዬ ልከራከር እችላለሁ። ይህንን ግን ምን ልለው ነው? በሌለሽበት፣ በማያውቁሽ ሰዎች ፊት፣ የራሴን ጥፋት አንቺ ላይ ለጠፍኩት። እዚያ ጠረጴዛ ሥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እሑድ የኤግዚቢሽኑ መዝጊያ ነበር። ተመልሼ ሄድኩ። ሐኪሟ ሻይዋን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

"ዶክተር፣ ትናንት የነገርኩዎት ውሸት ነው። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ልጄ እስካሁን አታውቅም።"

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። "በምን አጠቡት?"

"በሳሙና።"

"በልብስ ሳሙና?"

"በእጅ ሳሙና።"

"እንኳንም። የልብሱ ቢሆን ቢጫውንም ይዞት ይሄድ ነበር" አለች።

ትናንት የሰሙት ሰዎች ዛሬም ካሉ ለእነሱም እንድናገር እንድትፈቅድልኝ ለመንኳት። በመዝጊያው ላይ ማይክሮፎኑን ሰጠችኝ። "ልጄ ችኩል አይደለችም፤ ሥራዋን ያበላሸሁት እኔ አባቷ ነኝ" አልኩ። ማይክሮፎኑን መለስኩላት። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ይሳቁ፤ ሲያንሰኝ ነው። ሽልማቱ ግን አልፎሻል፤ ለሌላ ተሰጥቷል።

ሰው ሲበተን ሐኪሟ አንድ የተሰበረ የሞዴል ክንፍ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ "ይቀመጡ፤ ምን እንዳጠቡ ይወቁት" አለችኝ። የቀለም ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ ዱቄት አደረገችው። ጥቁር ብቻ ከሆነ ቀለም ይመስላል እንጂ ጭስ አይመስልም አለችኝ። መጀመሪያ ቡናማው፣ ሰፋና ሳሳ ተደርጎ፤ ከዚያ ጥቁሩ፣ በውስጡ ጠበብ ብሎ። ብሩሹ ምንጊዜም ከጭስ ማውጫው አፍ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ነፋሱ ጭሱን በሚጎትትበት በኩል።

"መቼ ነው የሚበቃው?" አልኳት።

"ትንሽ ቀረው ብለው ሲያስቡ በቅቶታል።"

ክንፉን ሰጥታኛለች። ከሰዓት ከሰዓት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እለማመድበታለሁ። የመጀመሪያው የተደፋ ቀለም መሰለ። ቀጥሎ ያለውን ጎረቤታችን አይታ፣ "ምነው፣ ይሄ ነገር ብረት ምጣድ ላይ ተቀመጠ እንዴ?" አለችኝ። አንቺ ስንት ምሽት አጎንብሰሽ እንደሠራሽው አሁን ነው የገባኝ። ያኔ ስደውልልሽ "ሥራ ላይ ነኝ" ስትዪኝ፣ "አሁንም በመጫወቻ ነሽ?" እያልኩ ስቄብሻለሁ። እሱንም ይቅር በዪኝ።

አውሮፕላንሽን ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። ጥቀርሻውን የምትመልሺው አንቺ ነሽ።

ግን አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ። እናትሽ ከአውሮፕላኑ ጋር ከተነሳችው አሮጌ ፎቶ ላይ እያየሽ ስትሠሪ፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነብሽ፣ "አባዬ፣ የጥቀርሻው ቀለም እንዴት ነበር?" ብለሽኝ ነበር። "ጥቀርሻ ምን ቀለም አለው" ብዬ ዘጋሁሽ። ውሸቴን ነው። ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

የማውቀው እንዲህ ስለሆነ ነው። እናትሽን ከሥራ ልወስዳት እሄድ ነበር። እሷ ታጥባ እስክትጨርስ አብረዋት የሚሠሩት ወንዶች ሰላም ይሉኛል። "ሚስቱ መካኒክ፣ እሱ ልብስ አጣቢ" እያሉ የሚስቁብኝ ይመስለኛል። አንዳቸውም ብለውት አያውቁም፤ ለራሴ የምለው እኔው ነበርኩ። ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ ወደ አውሮፕላኑ ዞሬ ሆዱን አያለሁ። ለዓመታት እንዲሁ፣ ፊቴን አዙሬ። በሚስቴ አፍሬ።

የጭስ ማውጫው ቧንቧ አፍ ላይ፣ በጣም በሚግልበት ቦታ፣ እንደ አመድ ነጣ ያለ ነበር። ከዚያ ይጠቁራል፣ ዳር ዳሩ ቡናማ ነው። የግራው ከቀኙ ይረዝማል። ደግሞ በግራ በኩል፣ ከበሩ ዝቅ ብሎ፣ ጥቀርሻው ተቋርጦ ቢጫው የሚታይበት ቦታ አለ። እናትሽ ከክንፉ ሥር ብድግ ስትል ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነበር የምትደገፈው። የመዳፏ ቦታ ነው። ፎቶው ላይ አይታይም፣ ራሷ ፊት ለፊቱ ቆማለችና።

ስትመጪ ብሩሹን አንቺ ትይዣለሽ። የት ላይ እንደምታቆሚ እኔ አሳይሻለሁ።

ይቅርታሽን የሚጠብቅ፣
አባትሽ