አክስቴን ከበር ለመለሱ ክቡር ኃላፊ

ለማርዱና የባሕር ጠረፍ የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል የበላይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች፣ በአሸዋው ላይ እንቁላል የሚጥሉት ኤሊዎችም ጭምር ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከአንዲት ሰው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ያቺ ሰው አክስቴ ናት። በእኛ ወግ የሞተ ሰው ስም ሐዘኑ እስኪወጣ ድረስ አይጠራም፣ ምስሉም ይሸፈናል፤ ስለዚህ ስሟን እዚህ አልጽፍም። እርስዎም ቢሆኑ አይቸገሩም፤ በመግቢያው ላይ በትልልቅ ፊደላት አስጽፈውታል።

ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩ኛ፦ በቀን የሚገባውን ሰው ቁጥር በመገደብዎ ከልብ አመሰግናለሁ። አክስቴም ወሬውን ስትሰማ «እሰይ! አያቶቼም ዓሣው ሳያልቅ ተነስተው ይሄዱ ነበር» ብላ ደስ ብሏት ነበር። ገደቡ እሷንም እንደሚጨምር ግን አልገባትም። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት፣ ያውም እዚያው ከአሸዋው ክምር ሥር በመወለዷ ስለ እሷ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪ኛ፦ ለበር ጠባቂዎ ትሕትና አመሰግናለሁ። አክስቴ ኩላሊቷ ደክሞ ከተማ ውስጥ ከደም ማጠቢያው መሣሪያ ጋር ታስራ ከኖረች በኋላ፣ ሐኪሙን «በቃኝ፣ የኔ ልጅ፤ ባሕሬን ልየው» አለችው። የአጎቴ ልጅ ክላይቭ መኪናውን ነዳ፣ እኔ ከኋላ ደግፌያት ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። በሩ ላይ ግራንት የሚባለው ጠባቂ ጎንበስ ብሎ «ቦታ አስይዛችኋል?» አለን።

«እኔ እኮ እዚህ ነው የተወለድኩት» አለችው አክስቴ። «እናቴ ምጥ ሲይዛት ማን ጋ ሄዳ ታስይዝ ነበር?»

ግራንት ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ኮምፒዩተሩ ሞልቷል ነው የሚለው።»

«እግሯን ውኃ ነክራ ትመለሳለች፤ ምን ትወስድባችኋለች?» አለ ክላይቭ።

«ካስገባኋችሁ እንጀራዬን ነው የማጣው፣ ወንድሜ።»

በዚህ መሃል «ተፈጥሮን የማይጎዳ ጉዞ» ተብሎ የተጻፈበት አውቶቡስ በአጠገባችን አለፈ። አስጎብኚው በድምፅ ማጉያ «ጥንት በዚህ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች…» ሲል ሰማነው። አክስቴ ጆሮዋን ቀስራ አዳመጠችና «እነማን ይሆኑ?» አለችኝ። ጎብኚዎቹ እጃቸውን ሲያወዛውዙላት እሷም አወዛወዘችላቸው።

ከዚያ መስኮቱን አስወርዳኝ፣ ዓይኗን ጨፍና የባሕሩን ሽታ ስትስብ ቆየች። «በሉ እንሂድ፤ ልጁን አታስጨንቁት» አለች። በዚያው ሳምንት ሞተች።

፫ኛ፦ እርሷን ለማክበር ስላቆሙት ሰሌዳ አመሰግናለሁ። ክልሉ በተመረቀ ዕለት እንግዳ እንድትቀበል ጠርተዋት የተነሳችውን ፎቶግራፍ ከሰው ቁመት በላይ አሳድገው፣ ከሥሩ ስሟንና «እንኳን ወደ አገሬ በደህና መጣችሁ» ብለው አስጽፈውበታል። በሕይወት ሳለች የተከለከለችውን በር አሁን ለሌላው ትከፍታለች።

ታናሽ እህቷ ኖሪን ባሕሩ ዳር ሄዳ እንድታለቅስላት፣ በዚህኛው ጊዜ ቦታ አስይዘን ሄድን። ሰሌዳ መቆሙን ማንም አልነገረንም ነበር። ኖሪን የእህቷን ፊት ድንገት ስታይ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች። «እህቴን ለምን እዚህ አቆሟት? ፀሐይ ላይ ለምን አቆሟት?» እያለች መሬት ላይ ተደፋች። እኔ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሮጥኩ። አንዲት ባልደረባዎ ወንበር ከሰጠችኝ በኋላ፣ ሰሌዳው ያለ ኮሚቴ ውሳኔ እንደማይሸፈን፣ ጎብኚዎችም በጣም እንደወደዱት በፈገግታ አስረዳችኝ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስመለስ ኖሪን የለበሰችውን ብርድ ልብስ ገፍፋ ሰሌዳው ላይ ልትጥል ትዘላለች፤ አልደረሰችም። ግራንት መሰላል አምጥቶ ወጣ፤ ብርድ ልብሱን በገመድ አሰረላት። ሲወርድ «ይቅርታ እማማ፣ ያን ቀን…» ሲል ጀመረ። «ተወው ልጄ» አለችው ኖሪን። «ያን ጫፉን ብቻ ጠበቅ አድርገው፤ ነፋስ እንዳይገልጣት።»

በማግስቱ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከመድረሱ በፊት ብርድ ልብሱን እንዳስነሱት፣ ለግራንትም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሰጡት ሰምቻለሁ። ፍጥነትዎ ያስደንቃል። ብርድ ልብሱን እንዲመልሱልን በትሕትና እለምናለሁ፤ ኖሪን ይበርዳታል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨምርልዎ ከልብ የምመኝ፣ በአያቶቼ ጠረፍ የእርስዎ እንግዳ የሆንኩት፣

ዴልማ ሮስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አክስቴን በባሕሩ ዳር እንድንቀብራት ላቀረብነው ማመልከቻ የላኩት መልስ ደርሶናል። «በጥብቅ ክልሉ ውስጥ ማደር ክልክል ነው» ይላል።