ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ የተረክሁት ፊልም

ከሞት በቀር ማንም ዝም ላላሰኛት ለባለቤቴ ለጥሩነሽ ይድረስ።

ጥሩዬ፣ ከተለያየን ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ከእንግዲህ ከሁለታችን የሚታመመው እኔ ብቻ ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፣ ሐኪሙም ያው ነው። «ፓራሲታሞል ውሰድ» ይለኛል፣ «እሺ» እለዋለሁ፣ ተሰነባብተን እመለሳለሁ።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ከገበያ በተመለስሽ ቁጥር ስትረግሚው የኖርሽው ሊፍት አንቺ በሄድሽ በወሩ ተሠራ። አንቺን ፈርቶ ነበር መሰለኝ። ማሞቂያውንም ታስታውሺዋለሽ፤ አንቺ ሃያ ሁለት ዲግሪ ላይ ስታደርጊው፣ እኔ አሥራ ስምንት ላይ ስመልሰው ነው ያረጀነው። አሁን ማን ይነካብኛል ብዬ በደስታ አሥራ ስምንት ላይ አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን ራሴው ተነሥቼ ሃያ ሁለት ላይ አደረግሁት። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ላንቺም የነገርሁሽ መልስ ስለማትሰጪኝ ነው። ልጃችን ሰናይት እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ ፍሪጁን ከፍታ እንደ ፖሊስ ትመረምረዋለች። ልጆቿ ዛሬም «አንተ» ይሉኛል። «እርስዎ» የሚሉኝ የሚፈልጉት ነገር ያለ ቀን ብቻ ነው።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ቅዳሜሽ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ደብዳቤው በሌላ ሰው እጅ ቢገባ አንባቢው እንዳይደናገር ብዬ ነው የምዘረዝረው። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ሆላንድ፣ ሮተርዳም አጠገብ ባለችው ካፔለ፣ ቡርትሃይስ በምንለው የሰፈር መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ አሥራ አምስት የምንሆን ያረጀን ሐበሾች ያረጀ የእንግሊዝ ፊልም እናያለን። ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሌላ ሰው የሚፈልግባቸው። እንግሊዞቹ አገራቸው መግደያ ቦታ የጠፋ ይመስል ባሕር ተሻግረው ነው የሚገዳደሉት፦ ቪየና፣ ሊዝበን፣ ቬኒስ። ጭጋግ አይቀርም፣ የረጠበ ድንጋይ አይቀርም፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚያጨስ ሰው አይቀርም። ከሥር ጽሑፍ የላቸውም። እንግሊዝኛ የምታውቂው አንቺ ነበርሽ፤ አዲስ አበባ ለእንግሊዞች መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበርሽው አንቺ። እኔ ዕድሜዬን በሮተርዳም ልብስ ማጠቢያ ቤት የጨረስሁት ሰውዬ ከደችኛ ሌላ ከየት አባቴ አመጣለሁ? አንቺ ከስክሪኑ ጎን ተቀምጠሽ፣ ለነፍሰ ገዳዩም ለሟቹም ድምፅ እየቀያየርሽ ትተርኪልን ነበር። እኛ ሥዕሉን በዓይናችን እናያለን፣ ፊልሙን ግን የምንሰማው ከአንቺ አፍ ነው።

ሆስፒታል ተኝተሽ «ቅዳሜዬን እንዳታስዘጋብኝ» ብለሽኝ ነበር። «እሺ» አልሁ። ሰው ለታመመ ሁሉን እሺ ይላል፤ እኔም እንደዚያ ነበርሁ። አንቺ ከተቀበርሽ በኋላ ስድስት ወር አንድም ቅዳሜ አልተሰበሰብንም። በቅርቡ የመሰብሰቢያ ቤቱ ኃላፊ ደወለችልኝና በጣም በትሕትና፣ በዚህ ወር መጨረሻ ካልጀመራችሁ ክፍሉን የታንጎ ዳንስ ለሚማሩ ጡረተኞች እሰጠዋለሁ አለችኝ። ጥሩዬ፣ ወንበርሽ በነበረበት ቦታ ላይ ታንጎ! ስልኩን ሳልዘጋ «እንጀምራለን» አልኋት። «ማን ይተርካል?» አለች። «እኔ» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥሁ።

አምስተርዳም ጥግ ዲመን ለምትኖረው ለቅዳሜ ተመልካቻችን ለአስካለ ደወልሁና የቱን ፊልም እንደምትፈልግ ጠየቅኋት፤ ከሁላችንም ርቃ፣ ሁለት ባቡርና አንድ ሜትሮ ቀያይራ የምትመጣው እሷ ስለሆነች ምርጫው ይገባታል ብዬ ነው። «የአምስተርዳሙን» አለች፣ አላቅማማችም። ስድስት ጊዜ ያየነውን።

ታስታውሺያለሽ፣ የዚያን ፊልም ድልድይ ካላየሁ ብለሽ አምስተርዳም የወሰድሽኝን ቀን? በዝናብ የቦዩን ዳር ሁሉ አዞርሽኝ። በየድልድዩ «ይኸውልህ፣ ይኼ ነው» ትያለሽ፤ ዞር ብለሽ ደግሞ «አይ፣ ፋኖሱ በግራ ነበር» ትያለሽ። ጫማዬ ውስጥ ዓሣ ማርባት ይቻል ነበር። መጨረሻ ላይ ውሻዋን የምታናፍስ አሮጊት አስቁመን ብንጠይቃት፣ እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ድልድይ የለም፣ ለንደን ውስጥ በጣውላ የሠሩት ይሆናል አለችን። አንቺ በአማርኛ «ይቺ ሴትዮ ከተማዋን አታውቃትም» ብለሽ መንገድሽን ቀጠልሽ።

ሰናይት ያንኑ ፊልም የደችኛ ጽሑፍ ያለው ፈልጋ አገኘችልኝ። ብቻዬን ሳሎን ተቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ማስታወሻ እየያዝሁ ማየት ጀመርሁ።

አንቺ ቀጣፊ!

ፖሊሱ አከራይዋን «እሜቴ፣ እንደምን ዋሉ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ብሏት አያውቅም። «በሩን ክፈቺ» ነው ያላት። እነዚያ የሚሳሳሙት ጥንዶች፣ አንቺ «ባለፈው ሳምንት ተጋብተዋል፣ ሠርጉ ተቆርጦ ነው» ያልሽን፣ ሰውየው ሌላ ሚስት አለው። ቄሱ ቄስ አይደለም፣ ሆቴል ቤት አስተናጋጅ ነው። እየሳቅሁ፣ እየተሳደብሁ፣ በሪሞቱ ፊልሙን እያቆምሁ ቀጠልሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ።

አንቺ እንዲህ ነበር የተረክሽልን። እንግሊዛዊቷ በጦርነቱ ጊዜ አምስተርዳም የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትመጣለች። የወንድሟ ወዳጅ፣ ደጉ መጽሐፍ ሻጭ፣ ቤቱ ያሳርፋታል፣ ቁልፍ ይሰጣታል፣ አብሯት ይፈልጋል። በመጨረሻ ድልድዩ ላይ ወንድሟ መብራት በጠፋበት ምሽት ቦይ ውስጥ እንደወደቀ፣ ሊያወጣው ዘሎ እንዳልደረሰበት እያለቀሰ ይነግራታል። ጽሑፉ የሚለው ግን ሌላ ነው። «ለጀርመኖቹ አድራሻውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» ነው የሚለው። እሷ ቁልፉን የድልድዩ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

ዘ ሄግ ለሚኖረው ለሌላው የቅዳሜ ተመልካቻችን ለከድር ደወልሁ። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሃያ ዓመት ሲሠራ እንግሊዝኛ ለምዷል፤ ይህን እስከዚያች ቀን አላሰብሁትም ነበር።

«አንተ ገና ዛሬ ነው የገባህ?» አለኝ።

«ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«የጥሩነሽ ይሻል ነበራ!» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አበራ፣ አስካለን አስባት እንጂ» አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ፊልሙን መጀመሪያ ያሳየሽን ዕለት አስካለ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊትሽ ተቀምጣ ነበር። ድልድዩ ላይ ስትደርሺ ትረካሽን አቁመሽ መነጽርሽን ጠረግሽ፣ ከዚያ ቀጠልሽ። የአስካለን ወንድም በቀይ ሽብር ዘመን አንድ ማለዳ ከቤት ነው የወሰዱት። ቤቱን ማን እንደጠቆመ አልታወቀም። አስካለ ሬሳ ስላላየች ፍትሐትም ተዝካርም አላስደረገችለትም፤ ፊቷ ቆሞ «ነፍስ ይማር» የሚል ሰው ቢኖር ሁለተኛ አታናግረውም።

ሦስት ቀን ከአንቺ ጋር ተሟገትሁ። ያንቺን ውሸት ልድገመው? ጥሩዬ፣ እኔ ስዋሽ ጆሮዬ እንደሚቀላ ታውቂያለሽ። ደግሞ አንቺ የዋሸሽው ስለምታውቂበት ነው፤ እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ይጠፋብኝና አስካለ በሰው ፊት ታውቃለች። ፊልሙን ልለውጠው? መርጣዋለች። ክፍሉን ለታንጎው ልተወው? እንዲያውም አይሆንም። ሐሙስ ዕለት ብርቱካን ገዝቼ ባቡር ተሳፈርሁ።

ዲመን ቤቷ ገብቼ፣ ብርቱካኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ፣ ኮቴን ሳላወልቅ ነገርኋት። መጽሐፍ ሻጩ ወንድምየውን አሳልፎ ነው የሰጠው፣ ጥሩነሽ ላንቺ ብላ ነው የለወጠችው፣ ካላስደሰተሽ ቅዳሜ ሌላ ፊልም እናያለን አልኋት። አንድ ብርቱካን አንሥታ መላጥ ጀመረች፤ ልጣጩ ሳይቆረጥ ላጠችው። የማባረሪያዋን ቃል ስጠብቅ ቀና አለች።

«ስድስት ጊዜ!» አለች። «ስድስት ጊዜ ለዚያ ሰውዬ አልቅሼለታለሁ! ባለፈው እንኳ ለእሱ ብዬ ሻማ አብርቻለሁ።»

ሳቅ ይዞኝ ነበር፤ ከንፈሬን ነከስሁ።

«ሳቅ እንጂ፣ ሳቅ!» አለችኝ። «ጥሩነሽንም መንግሥተ ሰማይ ስገባ አገኛታለሁ። አንተ ደግሞ ቅዳሜ እንዳለ ተናገር። አንዲት ቃል ብታስቀር ያን ሁሉ ባቡር ለአንተ ብዬ አልሳፈርም፣ ሁለተኛ አልመጣም።»

ቅዳሜ መጣ። ሁሉም መጡ፤ ከድር ከመክፈቻው ሰዓት ቀድሞ ወንበር ይደረድር ነበር። ወንበርሽ ላይ ተቀመጥሁ። ለኔ ጠባብ ነው፤ አንቺ እንዴት እንደቻልሽው እንጃ። እየተደናቀፍሁ ተረክሁ። የሴቶቹን ድምፅ ሳቀጥን ሳቁብኝ፤ አንዱ ከኋላ «ጋሽ አበራ፣ ሟቹ ገና አልሞተም፣ ለምን ከአሁኑ ያለቅሱለታል?» አለኝ። ሮተርዳምን ሲያሳይ፣ ያ ቦምብ ያራቆተው ሜዳ ብቅ ሲል፣ «አሁን እዚህ ሰፈራችን ሊመጡ ነው» ብዬ ቀለድሁ፣ ጥቂት ሰዎች ሳቁልኝ። እንደ ምንም ድልድዩ ጋ ደረስን።

«አድራሻውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አልሁ በመጽሐፍ ሻጩ ድምፅ።

አንድ ሰው «ምን?» አለ። ሌላው «ባለፈው እኮ…» ብሎ ሳይጨርስ ተወው። እንግሊዛዊቷ ቁልፉን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ጭጋጉ ውስጥ ገባች። አስካለ ተነሥታ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ብቻውን ለቀረው ሰውዬ ነው የተናገረችው፣ ለእኛ አይደለም።

«ስሙን እንኳ አልጠራውም» አለች። «አብሮት በልቶ፣ ስሙን አልጠራውም። የኔ ወንድም ስሙ ኃይሉ ነው። ኃይሉ! ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሳቁ ከበር ይሰማ ነበር።»

እርስ በርስ ተያየን፤ የምንለውን እናውቃለን፣ ለማለት ግን ፈራን። አስካለ ወደ እኛ ዞረች። «በሉ እንጂ» አለች። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ነፍስ ይማር» አልን። ከድር በእርሱ ወግ መዳፎቹን ዘርግቶ «አላህ ይማረው» አለ፤ አስካለ ለሁላችንም «አሜን» አለች። የቤቱ ኃላፊ ድምፁን ሰምታ በሩን ከፈተች፣ ፊልሙ አልቆ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አልቋል» አልኋት፤ «የሚመጣውም ወር ቅዳሜ የእኛ ነው፣ ጻፊው።» ጻፈችው።

በዚህ ሳምንት አስካለ ከቄሱ ጋር ስለ ኃይሉ ተነጋግራለች። ተዝካሩ ላይ ወንበር የሚደረድረው ከድር ነው፤ እኔ ደግሞ ውኃ ተሸካሚ ሆኜ ተመድቤአለሁ። ጉልበቴን ነግሬአት ነበር፣ «ፓራሲታሞል ውሰድ» አለችኝ።

ጥሩዬ፣ ውሸትሽን አፈረስሁብሽ። ብትቆጪ እችለዋለሁ፤ ስትቆጪ ሃምሳ ዓመት ችዬ የለ? ቅዳሜሽ ግን አልተዘጋም፣ እኔ ቆሜ እስከሄድሁ ድረስም አይዘጋም። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ ሁሉም እየሰማ ስምሽን ሙሉ አድርጌ እጠራለሁ። የጠፋን ሰው መጥራት ከአስካለ ተምሬአለሁ።

ባልሽ
አበራ