አቶ ግርማ ስልክ ሊደውሉ የመጡ ዕለት

ውዴ ተስፋዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም። ካለህበት ሆነህ እኛን የምታይ ከሆነ ግን መድከሜን ሳታውቅ አትቀርም። ጉልበቴን ያመኛል። ጉሊት ደርሼ ስመለስ በረንዳው ላይ ካላረፍኩ ወደ ውስጥ መግባት ያቅተኛል። ልጃችን ዮናስ "እማዬ፣ ፉሪ መጥተሽ ከኛ ጋር ኑሪ" ይለኛል። እሺ እለዋለሁ፤ ግን ዕቃ መሸከፉን ሳስበው ይደክመኝና እተወዋለሁ።

የመካኒሳ መብራት እንደምታውቀው ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዝናብ ሲጥልማ ጭራሽ። ዮናስ ገመድ አልባ የቤት ስልክ ገዝቶልኝ ነበር። ሶኬት ላይ የሚሰካ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ያቺን አሮጌ ባለገመድ ስልክ ከቁም ሳጥን አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኳት። "እሷ መብራት አትፈልግም፣ ኃይሏ በራሷ መስመር ይመጣላታል፤ እንዳትጥሏት" ትል አልነበር? መብራት ሲሄድ የመስመሩን ገመድ ከአዲሱ እነቅልና እሷ ላይ እሰካለሁ። መጎንበሱ ወገቤን ይፈጀዋል እንጂ ሌላ እንከን የለባትም። እውነቱን ልንገርህ፣ መስመሩን ላዘጋው ሁሉ አስቤ ነበር። ማን ይደውልልኛል?

በዚህ ክረምት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። በማግስቱም መብራት አልመጣም። የሰው ሁሉ ሞባይል ባትሪ ጨረሰ፤ ባትሪ የተረፈውም ኔትወርክ አጣ። ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት የቆሙት ጎረቤታችን አቶ ግርማ ናቸው።

የጣራቸው ውሃ ግድግዳችንን እየሸረሸረ የተጣላችሁበትን ታስታውሳለህ። ሽማግሌ ገብቶም አልሆነም፤ ሳትታረቁ ሄድክ። የቀብርህ ዕለት ከሰው ራቅ ብለው ቆመው አየኋቸው፤ ለቅሶ ቤት ግን አልመጡም። ዮናስ ያን ነገር ከሆዱ አላወጣውም ነበር።

"ወይዘሮ ሙሉ፣ የናንተ ስልክ ይሠራል ሲባል ሰምቼ ነው" አሉኝ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው። ባለቤታቸው አስካለ በዚያው ዕለት ቀዶ ጥገና ነበራት። ሆስፒታሉ አንድ አስታማሚ ብቻ ስለሚፈቅድ ልጃቸው ሰናይት እናቷ ጋ ቀርታለች። እሳቸው ቤት ሆነው ወሬ ሊጠብቁ ነበር፤ ሞባይሉ ግን ዝም አለባቸው።

መቆጣት ነበረብኝ መሰለኝ። ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል፣ ተስፋዬ። "ይግቡ" አልኳቸው።

አንተ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የልጃቸውን ቁጥር ሞባይሉ እንጂ እሳቸው በቃላቸው አልያዙትም። ግንባራቸውን ይዘው እያሰቡ፣ ተሳስተው ሌላ ሰው ጋ እየደወሉ፣ በመጨረሻ አገኟት። ሰምተው ሲጨርሱ እጀታውን እንደያዙ ነገሩኝ። ቀዶ ጥገናው አልቋል፤ አስካለ ግን ብዙ ደም ፈሷታል፣ የሷ ዓይነት ደም ደግሞ አልተገኘም። ዘመድ ፈልጉ ተብለዋል።

"ኦ ኔጋቲቭ ነው አሉ። ከየት አመጣለሁ?" አሉኝ።

ዮናስ ኦ ኔጋቲቭ መሆኑን ያወቅነው ላንተ ደም የሰጠ ጊዜ ነው። እጀታውን ከእጃቸው ተቀብዬ ደወልኩለት። ለማን እንደሆነ ስነግረው ጸጥ አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ደጋግሜ ጠራሁ።

"የትኛው ሆስፒታል ነው?" አለኝ። ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ እኔና አቶ ግርማ ተቀምጠን ጠበቅን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እሳቸውም "ቀብሩ ላይ ነበርኩ" አሉኝ። "ለቅሶ ቤት ልገባ ስል ግን እግሬ እምቢ አለኝ። አፈርኩ።"

"አይቼዎታለሁ" አልኳቸው።

ሊመሻሽ ሲል ስልኩ ጮኸ። ሰናይት ናት። ዮናስ ደርሶ ሰጥቷል፤ እናቷም ዓይኗን ገልጣለች። አቶ ግርማ ፊታቸውን በኮታቸው እጅጌ ሸፍነው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለአስካለ ይሁን ላንተ አላወቅሁም። ያኔ ላንተ የተሰጠው ደም እኮ አላቆየህም።

አሁን አስካለ ቤቷ ናት። ከስታለች፣ ግን ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። የጣራቸውን አሸንዳ ወደ መንገድ አዙረውታል። ዮናስም ሲመጣ ለአቶ ግርማ ሰላምታ ይሰጣል፤ ብዙ አያወራም፣ ግን ቆሞ ይጨብጣቸዋል። ባለፈው እሑድ "መቃብሩ ጋ ይውሰዱኝ" ብለውኝ አብረን ሄድን። ባርኔጣቸውን አውልቀው "ተስፋዬ፣ ይቅር በለኝ" አሉህ። አንተን ሳልጠይቅ ይቅር ብሎዎታል አልኳቸው። ቅር ይልህ ይሆን? አውቅሃለሁ፤ ጥቂት ታጉረመርምና አስካለ እንዴት እንደዋለች ጠይቂ ብለህ ትልከኝ ነበር።

ዓይኔ ደከመ፤ ሌላ ጊዜ አወራሃለሁ፣ ለዛሬ እዚሁ ይብቃኝ። ጠዋት ስነሳ ከጸሎቴ መጨረሻ ስምህን እጠራለሁ። ጸሎቱን ደክሞኝ የማሳጥርበት ቀን አለ፤ ስምህን ግን ዘልዬ አላውቅም፤ ወደፊትም አልዘለውም።

ያንተው ሙሉ