የሜሮን ጉልበት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ከልጄ ከሜሮን ጋር ቦሌ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደን ውጤቱን ሰማን። ጉልበቷ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ የደረቀው ነገር ለምጽም ጭርትም አይደለም። ቆዳን እያጠነከረ የሚያደርቅ በሽታ ነው፤ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ሆድ ዕቃም አይነካም ተባለ። ደስታዬን መቼ ቻልኩት፤ ዶክተሯን አገላብጬ ሳምኳት። ወደ ገርጂ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ለእህቴ ደውዬ፣ "አይገድልም አሉ እኮ" ስላት ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

"እማ፣ ሹፌሩ አልሰማም፣ ድገሚለት" አለችኝ ሜሮን።

ዶክተሯ ግን ሌላም ነገር ብላ ነበር። በሳምንት አንዴ የሚዋጠው ኪኒን በሽታው እንዳይስፋፋ ይይዘዋል፤ ለውጡ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ጉልበቷ እንደ ድሮው ይታጠፍ አይታጠፍ ግን ከአሁኑ ማወቅ አይቻልም። "ቅቤስ ባሽላት?" ብዬ ብጠይቅ፣ "አይጎዳትም፣ ግን አያድናትም" አለችኝ። ይኼንን ለእህቴ አልነገርኳትም።

ቤት ገብተን የመጀመሪያውን ኪኒን እንደዋጠች እግሯን ጭኔ ላይ ዘረጋችና፣ "እስቲ ንኪው፣ ለሰለሰ?" አለችኝ። ኪኒኑ እንኳን ሊሠራ ከጉሮሮዋ መች ወረደ። ጫን አድርጌ ዳሰስኩት፤ ያው ነው። አፌ መቼም ዝም አይልም፣ "ትንሽ" አልኳት።

ልታጥፈው ሞከረች። ግማሽ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ።

"ምንም አልለሰለሰም፣ እማ" ብላ ስልኳን መነካካት ጀመረች። እግሯን ግን አላነሳችም። ይኼንን በአንድ እጄ እየጻፍኩ፣ ሌላው እጄ ጉልበቷ ላይ ነው።